አምስት መቶ የን

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ማትሱሞቶ ላይ፣
በረዶ ሲዘራ የማታው ሰማይ፣
ኤልዮዶሮ የሚሉት የቫልፓራይሶ ሰው፣
ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ ብርድ ያንቀጠቀጠው፣
ስምንት ወንበር ብቻ ወዳላት ሶባ ቤት
ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ሸሽቶ ከውርጩ ፊት።
(ሶባ፣ ለማያውቀው፣ ግራጫ ፓስታ ነው፣
ሾርባ ውስጥ የዋኘ፣ እየጮኸ ቢሳብ ነውር የማይባለው።)

በላ። ጠጣ። ከፈለ። ካፖርቱን ደረበ።
ከዚያ እጁ፣ እሱን ሳያማክር፣ ወደ ኪስ ቀረበ፤
አንዲት ወፍራም ሳንቲም፣ አምስት መቶ የን፣
ሸሸጋት ከሳህን ሥር፣ ሰርቆ ያስተናጋጇን ዓይን።

በእጁ አትፍረዱበት።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ወደብ ዳር፣ ትሪ ተሸክሞበት፣
ከደሞዙ ይልቅ ጠረጴዛ ላይ በቀረው
ሦስት ልጅ ያሳደገበት እጅ ነው።
ሰውን በሳንቲሙ ድምፅ ለይቶ ያውቃል፦
አንዱ እንደተቆረጠ ጥፍር ወርውሮ ያልፋል፤
አንዱ አስር በመቶውን በእርሳስ ያሰላል፣
ሽርፍራፊዋን ግን ለራሱ ያስቀራል፤
አንዷ ገንዘቧን ከፍ አድርጋ፣ በሁለት ጣት ይዛ፣
"እስቲ መጀመሪያ ፈገግ በል" ትላለች፣ ተመርኩዛ።
አንድ መርከበኛም ነበር፣ የስድስት ወር ደሞዙን
ዘርግፎ የሄደ፣ ሰክሮ፣ ማታውን፤
ጠዋት እያለቀሰ መጣ። ኤልዮዶሮ መለሰለት።
(ግማሹን ነው። የቤት ኪራይ ነበረበት።)

ጥቂት እንደተራመደ ከኋላው ኮቴ ሰማ።
ኪኑዬ ነች፣ የስድሳ ስምንት ዓመት እማማ፣
ካፖርት ሳትለብስ፣ በላስቲክ ነጠላ ጫማ፣
በረዶው ላይ እየተንሸራተተች ደረሰች፣
ሳንቲሟን በሁለት መዳፍ፣ እጅ ነስታ፣ ዘረጋች።

"ረስተኸው ነው" አለች፣ በቋንቋዋ።
"ላንቺ ነው" አለ፣ በቋንቋው።
እሱ እጇን ሊዘጋ፣ እሷ እጁን ልትከፍት
ሦስት ጊዜ ታገሉ፣ ከመብራት ምሰሶው ፊት።

እኛ ይህንን ነገር ጉርሻ ነው ያልነው፣
ለወዳጅ አፍና ለአስተናጋጅ መዳፍ አንድ ስም የሰጠነው፤
ግን ጉርሻ ጉርሻ የሚሆነው አፍ ሲከፈትለት ነው።
በተዘጋ ከንፈር ላይ ቢገፉት በኃይል
ጥፊ ነው፣ ወጥ የተቀባ፤ ማን ፍቅር ነው ይላል?

ተቀበላት። ሳንቲሟ የመዳፏን ሙቀት ይዛ ነበር።
ሌሊቱን አልተኛም፤ ይገላበጥ ጀመር፦
"እኔስ ደሞዜ ቢበቃኝ፣ እንዲህ እሮጥ ነበር?"

እሷም ጠግባ እንዳይመስላችሁ፤ ወገቧን ያማታል፣
የጋዝ ሂሳብ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል።
ግን ሾርባው ሲሸጥ፣ እሷም ዋጋው ውስጥ አለች፤
ጎንበስ ማለቷም አለ፣ "እንኳን መጡ" ያለችው፣
ሁሉም ተደምሮ ነው ደረሰኝ የሰጠችው።
ከዚያ በላይ ሲጨመር፣ "ምን አጓደልኩ?" አለች።

በማግስቱ ተመለሰ። ያው ወንበር፣ ያው ሶባ።
ሳንቲሟ ኪሱ ውስጥ ናት፤ እጁን ከዚያ አላስገባ።
ሲጨርስ ግን ያ እጅ፣ አሁንም ሳይጠይቀው፣
የፈሰሰውን ጠብታ በፎጣው ጠረገው፣
ትንሹን ሳህን ትልቁ ውስጥ ደራረበ፣
አጠገቡ የነበሩ ተማሪዎች የተዉትን ሰበሰበ፣
ሦስት ሳህን ባንድ ክንድ፣ ብርጭቆ በጣቶቹ መሃል፣
ባንኮኒው ላይ አኖረው፤ አልተንኳኳም፣ ጠብም አላል።

ኪኑዬ አየችው።
እንግዳ እንዲህ አይሸከምም።
ይህ ክንድ በደግነት ብቻ አይገኝም።

በሩን ሲከፍት አንድ ቃል ጣለችለት፤
ለደንበኛ የማይባል፣ ምስጋናም ያልሆነ፣
ፈረቃውን ጨርሶ ሽርጡን ለሚፈታ ባልደረባ የሚሉት፣
"ደከምክ፣ በርታ" እንደማለት የሆነ፦

"ኦትሱካሬሳማ።"

ኤልዮዶሮ ቆመ። ቃሉን አላወቀም።
ኪሱን ዳበሰ፣ ባርኔጣውን፣ መነጽሩን፤
"ደግሞ ምን ረሳሁ?" ብሎ ዞረ።
እጇ ላይ ምንም የለም።