ሁለት ኤም

ሥራዬ መስቀል ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ቅዳሜ ከቀትር፣
ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከአስፋልቱ ድንበር፣
በረጅም ዘንግ ጫፍ፣ በላስቲክ መምጠጫ፣
ጥቁር ፊደል ስሰቅል፣ ላላፊ መቆንጠጫ።

ሳጥኔ አርጅቷል።
ባርካንሶ ፀሐይ ስንቱ ፊደል ረግፎ፣
ስንቱን ንፋስ ወስዶ፣ ስንቱን በረዶ ገርፎ፣
ከኤም የተረፉኝ ሁለት ብቻ ናቸው፤
አንዱ ሳጥን ውስጥ፣
አንዱ "ምሕረት" ላይ፣ ካናቱ የቆመው።

ሐሙስ ፓስተር ኩልተር ስም ጽፈው ሰጡኝ፦
"ሚልተን ማድሪ፤ ለምክር ቤት የሚወዳደረው።
እሑድ እኛ ጋ ነው፣ በጉልህ ይጻፍልኝ።"
ስሙ ሁለቱንም ኤም ይበላል።
ዘንጌን አነሣሁና
የምሕረትን ራስ ነቀልኩ።

ማድሪ መጣ እሑድ፣ ሦስተኛ ሚስቱን አስከትሎ፣
ስለ ጋብቻ ክብር ሰበከ፣ ዐይኑ እንባ አዝሎ።
የመጀመሪያዋ ሚስቱ እናት፣ ኦፓሊን፣
ከሦስተኛው ረድፍ ቆማ አጨበጨበች።
ምን ታድርግ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ።
"ጌታ በጎባጣም ዱላ ቀጥ አርጎ ይመታል" አሉ ፓስተር፤
ጉባኤው "አሜን" አለ፣
የእኔም ከንፈር።

ያኔ ልጄ ማርሊስ መጣችብኝ።
ዐሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ሆዷ የገፋ፣
በዚያው ምንጣፍ ላይ፣ በዚያው ማይክራፎን፣
"በድያችኋለሁ" ስትል ድምፅዋ ጠፋ።
የልጁን አባት ስም የጠየቀ የለም።
ጎባጣ ዱላ የሚል ያን ቀን አልተሰማም።
"ኃጢአት ዕዳ አለው" ብዬ
ያን ሳምንት ሰሌዳው ላይ የሰቀልኩት እኔው ነኝ።
እሷ ስትናገር ዲያቆኑ አባቷ
የመዝሙር ገጽ እፈልግ ነበር፣
ቀና ብዬ አላየኋትም።

ሌሊት ተመለስኩ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ።
ሰሌዳው ሁለት ፊት አለው፦
አንዱ ወደ መንገድ፣
አንዱ ወደ አኩሪ አተሩ ማሳ፣
ከአጋዘን በቀር አንባቢ የሌለው።
ከማድሪ ስም ግንባር አንዱን ኤም አወረድኩ፤
በጀርባው፣ በጨለማው በኩል፣
"ማርሊስ፣ ይቅር በይኝ" ብዬ ሰቀልኩ።

ጠዋት ፓስተር፦ "ዶይል፣ ስሙን ምን ነካው?"
"ንፋስ ነው" አልኳቸው።
መንፈስ ለማለት አፌ አልደፈረም።

ይህም ፍርሃት ነው፤ አውቃለሁ።
ስልኳ ኪሴ ውስጥ አለ፣ ወረቀቱ ሊበጠስ ደርሷል።
ይቅርታዬ ፊቱን ወደ ማሳው አዙሯል፤
ልጄ ያለችው ታልሳ ነው፣
በመንገዱ በኩል።