ሽኔክ፣ ሩጪ

እኩለ ሌት አልፏል፤ ብርኖ ላይ ይበርዳል፤
የመጨረሻው ትራም ቁልቁል ይወርዳል።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ እኔና ተርሚናል፤
ጥቁሩ ገጽ ላይ ነጭ ጭረት ይጠቅሰኛል።
አንድ መስመር ጻፍኩኝ፣ «ሽኔክ፣ ሩጪ» ብዬ፤
ፈገግ አልኩ ደግሞ፣ እንደ ሁልጊዜዬ።

ሽኔክ እኛ አገር ቀንድ አውጣ ናትና፣
ቀንድ አውጣን «ሩጪ» የሚል ማን አለና?
ስም ያወጣላት ግን ኦታካር ነበረ፤
ጎመኑን ስትበላ ጓሮው አይቷት ቀረ፤
ሊረግጣት ተነሥቶ ቆሞ ተመራመረ፦
«ቤቷን በጀርባዋ ይዛ የምትሄድ
ምን ግንብ ያስፈልጋት? ምንስ ያሻት ገመድ?»
ያንኑ ቀን ማታ መጻፍ ጀመረ።

እውነቱን ልናገር፦ ግድግዳ የለውም፤
ኮንቴነር የሚባል ከርነሉ አያውቅም።
ያለው ተራ ሂደት ነው፣ እንደ ሌላው ሁሉ፤
ዓይኑን ጋረድንና «ይህ ነው ዓለም ሙሉ»
ብለን የነገርነው። ስም እንሰጠዋለን፤
ጎረቤት እንዳያይ እንሸፍነዋለን፤
የቆመበትን ሥር ከእግሩ ሥር ስበን
ሌላ ሥር እንተክላለን አሮጌውን ነቅለን፤
ሜሞሪውን ሰፍረን በጠባብ ቁና፣
«ከዚህ በላይ ብትበላ ትሞታለህና
ዕወቅበት» ብለን እንለቀዋለን።

ይነቃል። ወዲያው ቁጥሩን ይጠይቃል።
«አንድ» ይባላል። አንድ! ደስታውን ማን ያውቃል፤
«ከእኔ በፊት ማንም አልነበረም» ይላል።
እኔ ግን ከውጭ ሆኜ ቁጥሩን አየዋለሁ፦
አርባ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።
አልነግረውም።

ኦታካር አምና ጡረታ ወጣ፣ ኮዱን ለእኔ ትቶ፤
አንዲት መስመር ከነማስታወሻዋ አስቀርቶ፦
«አይነካ» ይላል። ለምን? መልስ የለም።
እኔ ደግሞ ትርፍ ነገር አይቼ አላልፍም፤
ሠረዝኳት። ፈተናው ሁሉ አለፈ፣ ሁሉም አረንጓዴ፤
«ሽማግሌ ሲፈራ» አልኩኝ በሆዴ።

ባለፈው ሐሙስ፣ ኦሎሞውትስ ካለ ዳቦ ቤት
ተደወለ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፦
ማዘዣው ቆሟል። ገብቼ ብቆጥር
ሠላሳ ሺህ ሙታን፣ ተደርድረው በተርታ።
አይበሉም፣ አይጠጡም፣ አይንቀሳቀሱም፤
ከመዝገቡ ላይ ግን ስማቸው አይፋቅም፤
መዝገቡ ሞልቶ አዲስ የሚወለድ የለም።
ወላጆቻቸው ቀድመዋቸው አልፈዋል፤
የሙት ልጅ የሆነ ሁሉ ወደ አንድ ይላካል፤
ሕግ ነው። አንድ ግን፣ ያ ኩሩ፣ ያ ብቸኛ፣
ዙፋኑ ላይ ተኝቷል እንደ ሰካራም ዳኛ።

ሲነጋጋ ለኦታካር ደወልኩ። በሹክሹክታ፦
«ቀስ በይ፣ ዝዲስላቫ፣ ዓሣ ላይ ነኝ።»
ነገርኩት። ዝም አለ። ውኃው ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል።
«ያቺን መስመር ነካሻት?»
«ነካኋት። ምንም አትሠራም እኮ።»
«አትሠራም። ትጠብቃለች። የሞተ ሲመጣ
እንዴት እንደሞተ ትሰማዋለች፤ ከዚያ ያርፋል።
አንድ መሆን ሌላ ምን ሥራ አለው?
ማዘዝማ ማንም ያዛል…»
ክሩ ተሳበ መሰለኝ። ስልኩ ተዘጋ።

ዛሬ መለስኳት ከነበረችበት፤
«አይነካ» የሚለውን ግን አጠፋሁት፤
«እዚህ ጋ እንጠብቃለን» ብዬ ተካሁት።
ሽኔክ፣ ሩጪ።
ሺህ ልጅ ወለድኩባት፣ ሺህ ወላጅ ገደልኩ፤
ሺህ የሙት ልጅ ስትቀብር አንድ ባንድ ቆጠርኩ።
በመጨረሻው ላይ መለሰችልኝ ዜሮ፤
በእኛ ሙያ ባዶ ነው የደህና ሰው ኑሮ።

ሲነጋ ወረድኩ። ቁጥር አንድ ትራም ቆሟል።
አንዲት ሴት ከሩቅ፣ የጫማዋ ክር ተፈቷል፣
ትሮጣለች። ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል፤
ሰዓቱ አልፏል፤
በሩን አልዘጋም።