ግማሽ ዳገት

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ይሉኛል ፒያሳ ላይ፣
«አስተማሪ ነኝ» እላለሁ፣ ሙሉውን ሳላሳይ።
ዝንብ አረባለሁ ማለት እንዴት አፍ ይሞላል?
ዝንብ የሚያባርር እንጂ የሚያረባ የታል?

የሙዝ ዝንብ ናት፣ ደቃቃ፣ ዓይነ በርበሬ፣
ሙሽርነቷም ባልቴትነቷም ባንድ ፍሬ፤
በመስከረም ወጥታ ኅዳርን አትዘልቅም፣
እርጅና ግን እርጅና ነው፣ ቀን አይመርጥም።

ጠዋት ጠዋት፣ ጦሳ ጉሙን ሳያራግፍ፣
ብልቃጡን ኳ ኳ ኳ አድርጌ ጠረጴዛ ጫፍ፣
ሁሉም ታች ሲወድቁ ሰዓት እይዛለሁ፤
ማን ቀድሞ እንደሚወጣ እመዘግባለሁ።
የአምስት ቀን ጎረምሶች እፎይ እንኳ ሳይሉ
ሰው እንዳልጫነ ሚኒባስ ሐረጎን ይዘልቃሉ።
የሃምሳ ቀኖቹ ግማሽ ላይ ይቆማሉ።
ይቆማሉ።
እግራቸው መስታወቱን ይዟል፤ ዓይናቸው ወደ ላይ ነው።
የጎደለው ምንድን ነው?

ደረቷን ከፍቼ፣ ቀለም አጠጥቼ፣
ጨለማ ክፍል ውስጥ በማጉያው አይቼ፣
ነርቭ ከጡንቻ ጋር የሚገናኝበት ቦታ
በወጣትነቷ የሙስበሃ ተርታ፦
ዶቃ ከዶቃ ጎን፣ ክሩ መሐል ገብቶ፣
«ተነሽ» የሚል መልእክት በያንዳንዱ ሞልቶ።
ስታረጅ ዶቃው ይሳሳል። የቀረው ያብጣል።
ክሩ እዚህም እዚያም ይበጣጠሳል።
መልእክቱ አለ እኮ፤ አድራሻው ይጠፋዋል።
ቀድሞ የላላው ነርቩ ይሁን ጡንቻው
እስካሁን አልለየሁም። ጽፌ የማጠፋው
እሱን ነው።

አባቴ ጦይብ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ
ሠላሳ አንድ ዓመት ክር ሲቋጥር ኖሯል፤
ማሽኑ ከመንጫጫቱ፣ ካለቃው ጩኸት በፊት
የተበጠሰውን ጫፍ ጣቱ ያገኘዋል፣
ዓይኑ ሌላ ቦታ ሳለ።

አምና የመውሊድ ማግስት ሙስበሃው ተበጠሰ፤
ዶቃው ምንጣፉን አቋርጦ እስከ በሩ ደረሰ።
ለቅመን ሰጠነው። የክሩን ጫፍ በምራቁ አራሰ።
ሰባቴ ሞከረ።
በስምንተኛው ክሩን መዳፌ ላይ አኑሮ
ወደ መስኮቱ ዞረ፣
ቦርከና የሞላ ይመስል።

ባለፈው ሳምንት ቦሩ ሜዳ ሐኪም አይቶት ሲመለስ
ሥራ ቦታዬ መጣ። ወንበር አልፈለገም።
«ምን ታበያቸዋለሽ?»
«ስኳር፣ እርሾ፣ የበቆሎ ዱቄት።»
«ከጡረታ ይሻላል።»

የሃምሳ ቀኗን ምስል አሳየሁት፤
ያበጡትን ዶቃዎች፣ በመሐላቸው ያለውን ጨለማ።
መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አጥልቆ
እንደ ተበላሸ ጣቃ መረመረው፦
«ክሩስ ደህና ነበር፤ ውጥረቱ ነው የላላው።»
ሳይንሱ እንዲህ አይልም።
አላረምኩትም።

ከዚያ ብልቃጡን ከእጄ ወሰደ።
ኳ ማድረግ አላስፈለገውም፤
እጁ ራሱ ነቀነቀው።
ዝንቦቹ ወደቁ፤ መውጣት ጀመሩ።
አንዷ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች።
ሰዓቱን መያዝ ረሳሁ።
«አይዞሽ» አለ፣ ቀስ ብሎ፤
እሷን ይሁን እኔን አልጠየቅሁም።

መናኸሪያ ድረስ ባጃጅ ልጥራ ብለው
«ቁልቁለት አይደል?» አለኝ።
ቁልቁለት ለጉልበት እንደሚብስ
እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ በእግራችን ወረድን።

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወርድ
በመስኮቱ በኩል የሚሆነውን ባላይም አውቀዋለሁ፦
ሙስበሃውን ከኪሱ ያወጣል።
የቋጠርኩለት እኔ ነኝ፤ ቋጠሮዬ ወፍራም ነው፣
የባለሙያ አይደለም።
ጣቱ እየቆጠረ ይመጣና
እዚያ ላይ ሲደርስ ይይዘዋል፤
ትንሽ ይቆማል፣
ያልፋል።