ሩብ ዙር

አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኮዬ ፈጬ ዳር፣
መስኮታችን ሥር አለ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ ውስጡን የቀባሁት ጥቁር፤
ጎኑን በቢላዋ ከፍቼው፣ መዳፍ በምታህል ቀዳዳ
ፀሐይ ጎንበስ ብላ ትገባለች፣ እንደ እንግዳ።
ውስጡ በቲማቲም ጣሳ ውሃ የቆመች አንዲት ዘንግ፣
ገበያው «ቀርከሃ» የሚላት፣ ቀርከሃ ሳትሆን፣ ለወግ፤
ቀዳዳው ወዳለበት አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች፤
በአምስተኛው ቀን ጣሳውን ሩብ ዙር አዞራለሁ፤
እንደገና ትፈልጋለች።

እኔ ፌራዮ ነበርኩ።
ብረት አጣፊ። ይህን ብሎክ፣ ያንን ብሎክ፣ ከመሠረቱ ያሰርኩ።
አሥራ ሁለት ቁጥሩን በቧንቧ ይዤ ስጠመዝዝ
ብረት ጥርሱን ያፋጫል፤ ይታጠፋል እንጂ አይታዘዝ።
በቀን አራት መቶ ስታፋ፣ ሁሉም አራት ማዕዘን፤
እጄን በአሸዋ ብፈትገውም ራቴ ብረት ብረት ይለኝ ነበር ያን ዘመን።
ከዚያ አንድ ማክሰኞ የመወጣጫው አጣና ከዳኝ፤
ሌላውን አላውቅም፤ ደመና ሲመጣ ወገቤ ነው የሚያስታውሰኝ።

ሰው «እንጨት በለጋነቱ ነው የሚታረቀው» ይላል፤
እኔ ለጋ ነገር ይዤ የማላውቅ፣ ጣቴ ጉቶ ይመስላል።
የመጀመሪያዋን በሽቦ ጠመዘዝኳት፤ ቀጭ አለች።
ሁለተኛዋን በክር አሰርኳት፤ ቢጫ ሆና ሞተች።
ሦስተኛዋን ሰለቸኝና ጓዳ ጥግ ረሳኋት፤
በሦስት ሳምንት አንገቷን ወደ በሩ ስንጥቅ አዙራ አገኘኋት።
በዚያች ስንጥቅ የጠዋት ብርሃን ይገባል፤
ማንም አልነካትም።
እጄን አየሁት። ለካ የሚያምራትን ማወቅ ይበቃል።

ኦቦ ለሚ፣ የግቢው ዘበኛ፣ የብርሃን አማካሪዬ፣
ሊፍት ይመጣል በተባለበት ጉድጓድ አፋፍ ቆሞ፣ «ሽምብራዬ
እዚህ ነበር» ይለኛል፤ ሳያማርር፣ ሰዓት እንደሚናገር።
«በመጋቢት ከየረር ትከሻ ነው የምትወጣው፤
በታኅሣሥ በስተቀኙ ነው፤ ካርቶንህን አዙር።»
ማሳውን ያጣ ሰው፣ ወሩን አላጣም።

አንድ ጥምዝ ስምንት ወር ይፈጃል።
ደርቤ፣ ቱሉ ዲምቱ ያለው አበባ ሻጭ፣ ለሠርግ የልብ ቅርጽ ያዛል፤
«ብርሃኑን ጨመር አድርገህ አፍጥናት!»
«ብርሃን የሚጨመር ቢሆን፣» አልኩት፣
«መብራት ኃይል በኖረበት!»

ዘንድሮ ፊት ለፊታችን ሌላ ብሎክ ተነሣ።
የረርን ዋጠው፣ ቀጥሎ ጠዋቴን፤ ብረቱ ከኮንክሪቱ ጫፍ ወጥቶ ቆሟል
እንደ ታመመ ሰው ጠጉር፣ ማበጠሪያ እንደረሳ።
ከዚህ ሆኜ እቆጥረዋለሁ። ያጠፈው ልጅ ይቸኩላል፤
አንዷ ስታፋ ተንጋዳለች።
የኔዋ ዘንግ ሁለተኛውን ጥምዝ ልትዘጋ ስትል
ግራ ገባት። አሥር ቀን ቀጥ ብላ ቆመች።
በአሥራ አንደኛው፣ ከዚያው ብሎክ መስታወት ተመልሶ የሚመጣ
የከሰዓት ብርሃን አገኘች፤ እኔ ባላሰብኩት ጎን፣
ወደ ኋላ ታጠፈች።
ደርቤ አይቶ «ተበላሽታለች፤ በግማሽ ዋጋ እወስዳታለሁ» አለ።
አልሰጠሁትም።

ትርፌ ቤት ስትጠርግ ወንበሬን ዞር ታደርጋለች።
እኔ ለጥረጋው መስሎኝ እግሬን አነሣለሁ፤ እሷም ዝም ትላለች።
ትናንት ልብ አልኩ። ወለሉ ላይ የወንበሩ እግር የፋቀው ምልክት
ክብ ሠርቷል፦ መስኮት፣ ምድጃ፣ የልጃችን የክትባት ካርድ የተሰቀለበት ግድግዳ፣
በር፣
እንደገና መስኮት።
ሁለት ዓመት ከጣራ ጋር ብቻ ሳወራ የነበርኩ ሰው
በሩን ማየት የጀመርኩት መቼ ነው?

«በስንት ቀኑ ነው የምታዞሪኝ?» አልኳት።
መጥረጊያውን ደፉ ላይ አራገፈች።

«አንገትህ ዘንበል ሲል።»