የምኑን ግማሽ?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣
ከላውንደሪው በላይ፣ ኤሲው ሲንፈራፈር፣
ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ እርሳሳችን ቆመ፤
ዘቢባ ደገመችው፣ ዓይኗ እየደከመ፦

«አንዲት ሠራተኛ ደሞዟ ሺህ ሁለት መቶ ድርሃም ነው።
ሲሶውን ለቤተሰቧ ላከች፤ ግማሹን አስቀመጠች።
ስንት ቀራት?»

«የምኑን ግማሽ?» አለች።

የደሞዙን ከሆነ፣ ሁለት መቶ ቀራት፤
የተረፈውን ከሆነ፣ አራት መቶ አላት።
ሁለቱም ከምርጫው፣ ሀ እና ለ ሆነው፣
እንደ መንታ ወንድም ያዩናል ቆመው።

ማታ የፓርኪንግ ዘብ፣ ዓርብ ዓርብ አስተማሪ፣
መልሱን ከጀርባ አየሁ፣ እንደ ሌባ ፈሪ።
«ለ» ይላል። ለምን እንደሆን አይናገር።
ዘቢባ ግን ሀን አክብባው ነበር።

«ምነው?» ብላት፣
«ስምንት ዓመት ሠራሁ» አለች፣ ሳትቆጣ፣
«ቀሪ የሚሉት ነገር በዝቶልኝ አልመጣ።»

ምን ልበላት?
ፈተናው ቀን ይህን የሚሰማት የለም፤
ለአንዱ አንድ ደቂቃ፤ ጠያቂ አይጠየቅም።

ላጲሴን ሰጠኋት። ሀን አጥፍታ ለን አከበበች።
ከጎኑ ግን፣ በደቃቁ፣
«የምኑን?» ብላ ጻፈች።