የባትሪው መዋጮ

ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣
ጤና ጣቢያችን አለ፣ ግንባሩ ለፀሐይ።
ሶላሩን የሰጡን ሪባን ቆርጠው ሄዱ፣
ለፎቶ ቆመናል፤ ጉም ነበር መንገዱ።

በሁለተኛው ክረምት ባትሪው አበጠ፣
መብራት ጭልጭል አለ፣ የፍሪጁ በረዶ ቀለጠ፤
ክትባቱ ተጣለ። ወረዳ ብንሄድ፣
«በርቷል» ይላል ሰነዱ፤ ማን ይሟገት ከሰነድ?

ፀሐይማ መች ጠፋች፣ ስትሰፈር ትውላለች፤
ጎታ ነው ያጣነው፤ የት ቦታ ታድራለች?

እናም ደብተር ያዝኩኝ፣ የሒሳብ መምህሩ፤
ስሙ ቶሎ ሞላ፣ ዘገየ እንጂ ብሩ።
ዘውገ አንድ ባና ሰጠ፣ ከራሱ ላይ ገፍፎ፣
ደስዬም የዘር ገብሱን፣ ቁና ሰፍሮ አትርፎ።
ቄሱ ሃምሳ ቆጠሩ፤ ነጋዴው «ነገ» አለ፤
ስሙ ተጽፏል ይኸው፣ ከጎኑ ግን የለ።

አዋላጇ ስንዱ፣ ስልኳን በጥርስ ይዛ፣
ስንቱን ተቀበለች፣ ብርሃኗ እንደ ጤዛ!
ሩብ ደመወዟን ሰጠች፣ ማንም ያልገመተው፤
«እጄስ ለምዶት ነበር፣ ጥርሴ ነው የሰለቸው።»

መጨረሻ ላይ መጣች፣ ከቆላው ጥሩዓለም፤
መቀነቷን ፈታች። አርባ ብር። «በስሜ አይደለም፤
በልጄ ስም ጻፈው።»
                        «ማን ልበል?» አልኩ እኔ።
«ስም አልወጣለትም። ስልኩ ጠፋ ያኔ፣
ፊቱንም አላየሁ።»
                        መስመሩን አሰመርኩ፤
አርባ ብር ጻፍኩኝ፣ ስሙን ባዶ ተውኩ።