ልክ

የምንሸጠው ባዶ ነው፤
ብረቱም ስዕሉም የደንበኛው፣ የእኛ ቀዳዳው ብቻ ነው፤
ክብ፣ ቀጥ ያለ፣ አንድ ኢንች የሆነ ምንም።
ከዚያ ቢያንስ አይሆንም፤
ቢሰፋ የሺህኛ ግማሽ፣ ከዚያ ወዲያ አይታለፍም።
አንድ ቀን ፀጉሬን ነቅዬ በማይክሮሜትር ለካሁት፤
ከተፈቀደልኝ ስህተት ስድስት እጥፍ ወፍሮ አገኘሁት።

ዊንዘር፣ ዎከር መንገድ ላይ፣ የሌሊት ፈረቃ፣ የካቲት፤
ኤልቪዮ ነው ያስተማረኝ፣ አርባ ዓመት ሲበሳ የኖረበት።
በመጀመሪያው ቀን «አጥብቀው» ሲለኝ የዕቃው ስም ጠፋኝ፤
«ሞርሳውን?» አልኩት በእኛ።
ቀና ብሎ አየኝ። «ካቻቪቴ?»
«ካቻቢቴ!»
«ትራፓኖ?»
«ትራፓኖ!»
ቃሉ ከማን ወደ ማን፣ በምን ዘመን እንደተሻገረ አላነሳንም፤
ሳቅን፤ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ብዙ አልተቸገርንም።

መጀመሪያ ነጥቡ፤ ቀጥሎ ድሪሉ፣
ገባ ወጣ እያለ፣ ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ እየረገፈ ከሥሩ፤
መጨረሻ ሪመሩ።
ሲያጉረመርም ደህና ነው፤
ሲያፏጭ ግን፣ ከሐሳቤ ቀድሞ እጄ ነው የሚያቆመው።

መለኪያው ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ግባ፣ አንዱ አትግባ።
ያን ሌሊት፣ አርባ ጊዜ፣ ግባው ገባ፤
አትግባው ደጅ ቀረ።
አርባውን ደርድሬ ፈረምኩ፤ ስሜም ወረቀቱ ላይ አማረ።

ማሞቂያው ሌሊት ተበላሽቶ፣ ብረቱ በርዶ ነበር ሲነጋ።
ዴኒዝ ከምርመራ ክፍል መጣች፣ ግባውን ይዛ ወደ እኔ ጠጋ።
አልገባም።
ቀጣዩም። ቀጣዩም።
«ሌሊት እኮ ገብቶ ነበር» አልኩ፤ ጆሮዬ ጋለ።
ኤልቪዮ አንዱን በመዳፉ ይዞ ጥቂት ዝም አለ፤
«ትኩሱን ነው የለካኸው፤
ሲሞቀውማ ማን ቸር ያልሆነ ሰው?»

የጠበበ ተስፋ አለው፤ የሰፋ ነው የማይመለስ።
ሪመሩን ዳግም ሰድጄ፣ አንድ በአንድ፣ እስኪበርድ ስታገስ፣
ሠላሳ ዘጠኙን አዳንኩ።
አርባኛው ላይ ዴኒዝ ሰዓቷን ስታይ አየሁ፤ ቸኮልኩ።
አትግባው ገባ፤
ሳያንኳኳ፣ ያለ ድምፅ፣ ቤቱ እንደሚገባ።

ቀይ ቀለም ቀባችው። ለምኜ ወደ ቤት ወሰድኩት፤
መስኮት ላይ አቆምኩት፤
በመሸ ቁጥር የዲትሮይት መብራት ከማዶ በቀዳዳው ይገባል።
ትርፉን እኔ ብቻ አውቃለሁ፤ ለዓይን መች ይታያል?

ትናንት ናርዶስ፣ ገና ሦስት ዓመቷ፣
ሁለት ጣቷን ሰድዳ አዟዟረች፤
«ልኬ ነው» አለች።